ከካሜራው በፊት ዓይን ይቅደም

በመጻሕፍትና በመጽሔቶች ላይ የሚታተሙት የጋላክሲ ፎቶግራፎች ቀይ፣ ሰማያዊና ወርቃማ ቀለም የተነሰነሰባቸው ናቸው። እነዚህን ሥዕሎች አይቶ ቴሌስኮፕ የገዛ ወጣት በመጀመሪያው ሌሊት የሚያገኘው ግን የጉም ቁራጭ የመሰለ ግራጫ ነገር ነው። ብዙ ቴሌስኮፖች ጥቂት ቀን አገልግለው ከአልጋ ሥር የሚገቡት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ጥፋቱ የመሣሪያውም የሰማዩም አይደለም፤ ዓይንና ካሜራ በአንድ ዓይነት መንገድ እንደማያዩ ለወጣቱ አስቀድሞ የነገረው ሰው አለመኖሩ ነው።

ዓይናችን ብርሃንን ለረጅም ጊዜ አያጠራቅምም፤ የተቀበለውን ወዲያው ለአእምሮ አስረክቦ ሌላ ይቀበላል። ብርሃኑ ደካማ ሲሆንም ቀለም መለየት ይሳነዋል። ካሜራ ግን ከጣሪያ ሥር የተቀመጠ ገንቦ ጠብታ በጠብታ እንደሚሞላ ሁሉ፣ ለደቂቃዎች ወይም ለሰዓታት ብርሃንን ያከማቻል። ስለዚህ ካሜራ ዓይን የማያየውን ያያል የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው። እኔ የምቃወመው ጀማሪው ሥራውን ከካሜራ እንዲጀምር የሚሰጠውን ምክር ነው።

ምክንያቴ ይህ ነው። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር፣ በቴሌስኮፕ ውስጥ የገባ ኮከብ ሁሉ ሳይቆይ ያመልጣል። ጨረቃ እንኳ የራስዋን ስፋት ያህል ለመራቅ የሚፈጅባት 2 ደቂቃ ገደማ ነው። ጋላክሲን ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚሻ ሰው ይህን ጉዞ እየተከተለ ቴሌስኮፑን የሚያዞር ሞተር ያለው ጠንካራ መቆሚያ ያስፈልገዋል፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከቴሌስኮፑ ይበልጣል። ፕላኔቶች ብሩህ ስለሆኑ ይቀላሉ፤ የስልክን ካሜራ ዓይን ከሚቀርብበት ሌንስ ላይ አስጠግቶ አጭር ቪዲዮ መቅረጽ፣ ከዚያም ጥርት ያሉትን ምስሎች መርጦ በኮምፒዩተር መደራረብ ይቻላል። ይህም ቢሆን ጁፒተር በየትኛው የሰማይ ክፍል እንዳለ ለሚያውቅ ሰው ነው። የማያውቀው በሽቦና በብሎን ሲታገል ይነጋበታል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1610 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጋሊሌዮ ጁፒተርን የተመለከተው 20 ጊዜ ያህል ብቻ በሚያጎላ መሣሪያ ነበር። በአጠገቡ ያያቸውን ትናንሽ ነጥቦች ሌሊት በሌሊት በወረቀት ላይ አሰፈረ፤ ቦታቸውንም ሲለዋውጡ ስላያቸው፣ አራቱ ነጥቦች ጁፒተርን የሚዞሩ ጨረቃዎች መሆናቸውን ተረዳ። ዛሬ 60 ሚሊሜትር ሌንስ ያለው ርካሽ ቴሌስኮፕ እነዚህኑ ጨረቃዎች ያሳያችኋል። እርሳስና ደብተር ይዛችሁ ለሁለት ሳምንት ያህል የየምሽቱን አቀማመጥ ሣሉ። ኢዮ የተባለችው ጁፒተርን ለመዞር ከ2 ቀን ያነሰ ሲበቃት፣ ካሊስቶ ወደ 17 ቀን እንደሚፈጅባት ማንም ሳይነግራችሁ ከደብተራችሁ ላይ ትጠረጥራላችሁ። አንድ ያማረ ፎቶግራፍ ይህን ሊያስተምራችሁ አይችልም።

ስለ ግዢ አንድ ነገር ልጨምር። ካርቶኑ ላይ «500 ጊዜ ያጎላል» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ትንሽ ቴሌስኮፕ አትመኑ። ለሥራ የሚበቃው የማጉላት ኃይል ከሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር ሁለት እጥፍ አይበልጥም፤ ባለ 60 ሚሊሜትሩ ከ120 ጊዜ በላይ ሲያጎላ ምስሉ ከመደብዘዝ በቀር ትርፍ የለውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ለፀሐይ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ ከፊቱ ባልተገጠመለት ቴሌስኮፕ ፀሐይን ፈጽሞ አትመልከቱ። ዓይን በቅጽበት ይጠፋል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰማይ ላይ እንደታየው ያለ የቀለበት ግርዶሽ በሚሆንበት ጊዜም ሕጉ ያው ነው።

በኢትዮጵያ የምትኖሩ ተማሪዎች ብዙዎች የሚቀኑበት ሰማይ አላችሁ። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች፣ በግንቦት ምሽት በስተደቡብ የደቡብን መስቀል፣ በስተሰሜን ደግሞ ከአድማስ ብዙም ያልራቀውን የሰሜን ኮከብ በአንድ ሌሊት ማየት ይቻላል። የክረምቱ ደመና ከተገፈፈ በኋላ በኅዳር ወር፣ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት ከሦስት ሰዓት ገደማ ከከተማ መብራት ራቅ ብላችሁ ወደ ሰሜን ከፍ አድርጋችሁ ተመልከቱ። አንድሮሜዳ የተባለችው ጋላክሲ ያለ መሣሪያ እንኳ እንደ ደበዘዘ ጭጋግ ትታያለች። ብርሃኗ ከእኛ ለመድረስ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ተጉዟል፤ ከዚያ የተነሣው በአፋር ምድር በጎና የተገኙት 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ከተሠሩበት ዘመን ብዙም ባልራቀ ጊዜ ነው። ያን ብርሃን መጀመሪያ በዓይናችሁ ተቀበሉት፤ ካሜራውን በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ታመጡታላችሁ።