ከፍሬሙ በፊት ግድግዳው

አሁን አሁን በየሳሎኑ ግድግዳ ላይ አራት ማዕዘን ፍሬም ሠርቶ የሚያስጌጠውን ሞልዲንግ ሳታዩት አትቀሩም። እኔም አየሁትና ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ላለው የእናቴ ቤት ተመኘሁት።

ምክንያት ነበረኝ። በ2014ቱ ጦርነት ከተማዋን ለቀን ወጥተን ስንመለስ የሳሎኑ ፎቶዎች አልነበሩም፤ የቀሩት ምስማሮቹ ናቸው። ከዚያ ወዲህ እማዬ ግድግዳው ላይ አንድም ነገር ሰቅላ አታውቅም።

አንድ ሰኔ ላይ ከፎም የተሠራውን ቀላሉን ሞልዲንግ ገዝቼ በኮላ ለጠፍሁት። አማረ። ነሐሴ ሲገባ ግን የታችኛው ጠርዝ ቀለሙንም ልስኑንም ይዞ ወረደ። እማዬ ስብርባሪውን ከወለሉ እየለቀመች፣ «ተይው ልጄ፣ ይህ ግድግዳ ከእንግዲህ ምንም አይሸከምም» አለችኝ። ከወጪው ይልቅ ይቺ ንግግር ከነከነችኝ።

የጠራነው ግንበኛ ሳሎኑን አይቶ ወዲያው ወደ ጓሮ ዞረ። «እማማ፣ ጥፋቱ የግድግዳው አይደለም፤ የአፈሩ ነው» አላት። በዳገቱ በኩል ለዓመታት የተከመረው አፈር ከቤታችን ወለል በላይ ሆኖ ግድግዳውን ተደግፎታል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጦሳ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት። ክረምት ሲሆን ውሃው ከላይ ይወርዳል፣ ጭቃ ቤት ደግሞ ይመጠዋል። ሐረጎን ወርደው ሞቃቷ ኮምቦልቻ ውስጥ ቶሎ የሚደርቅ ልስን ደሴ ላይ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ስለዚህ አፈሩን ጠረግን፣ ቦይ ቀደድን፣ የላላውን ልስን አራገፍን፤ ከዚያ እስከ ታኅሣሥ ጠበቅን። ከዚህ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ እርጥበቱን ፈትሹ። 40 ሴንቲ ሜትር በ40 የሆነ ላስቲክ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጋችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉና አንድ ቀን አቆዩት። ጠብታው በላስቲኩና በግድግዳው መካከል ከታየ እርጥበቱ ከግድግዳው ነው፤ ምንጩን ሳትዘጉ ምንም አትለጥፉ። ከውጭ በኩል ከታየ ግን የክፍሉ አየር ነውና መስኮት ክፈቱ።

ቀጥሎ ልኩ። የእኛ ግድግዳ 4 ሜትር ነው። 3 ፍሬም ስንሠራ ከግራና ከቀኝ፣ በመካከልም 10 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተውን፤ ክፍተቱ በድምሩ 40 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ቀሪው 360 ለ3 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ፍሬም 120 ይደርሰዋል። ቁመቱ 80 ከሆነ አንዱ ፍሬም 4 ሜትር፣ ሦስቱ 12 ሜትር ሞልዲንግ ይፈልጋሉ። ለሚበላሽ ቁራጭ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ጨምሩ። ማዕዘኖቹ በ45 ዲግሪ ይቆረጣሉ። ከመለጠፋችሁ በፊት በእርሳስ ሥሉት፤ ያረጀ ቤት ወለሉም ጣሪያው ሊያዘም ስለሚችል ዐይናችሁን ሳይሆን ውሃ ልኩን እመኑ።

ጂፕሰም ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል፤ እርጥበት ለሚያሰጋው ቦታ አይሆንም። ፎም ደግሞ እሳት ይፈራልና ከምድጃና ከሻማ አርቁት። ጭቃ ቤት ላይ ኮላ ብቻውን አይበቃም፤ ግድግዳውን እያንኳኳችሁ የእንጨቱን ቋሚ ፈልጉና በቀጭን ምስማር አግዙት። ከባድ ፎቶም የሚሰቀለው ከቋሚው ላይ ነው።

ሥራው ሲያልቅ ኮምቦልቻ ያለችው አክስቴ ዘንድ የተገኘውን የአባቴን ፎቶ አመጣን። እማዬ ግንበኛውን፣ «አሁንስ ይይዛል?» አለችው። «ይይዛል፣ እማማ» አላት። እሷም እርሳሱን ከእጄ ተቀብላ ምስማሩ የሚመታበትን ቦታ መካከለኛው ፍሬም ውስጥ ራሷ ምልክት አደረገች።

እናንተም ሞልዲንጉን ከመግዛታችሁ በፊት ላስቲኳን ለጥፉ። መልካም ወር!