የጅማን ጉርምርምታ ማን ይቅዳው?

ባለፈው የቡና ለቀማ ሰሞን ዘመድ ልጠይቅ አጋሮ ሄጄ ነበር። ቀኑን ሲለቀም የዋለው እሸት ቡና ማታ ላይ በአይሱዙ ተጭኖ ማጠቢያ ጣቢያው ሲደርስ፣ መፈልፈያ ማሽኑ ተነሳ። መጀመሪያ የሞተሩ ወፍራም ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ የውኃው ሹሹታ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፍሬው ከልጣጩ ሲላቀቅ የሚያሰማው ከርከር የሚል ነገር። ስልኬን አውጥቼ መቅዳት ጀመርኩ።

ጥበቃው ጠጋ አሉኝ። «ልጄ፣ ምንድን ነው የምትቀዳው?» ቪዲዮ መስሏቸው ነው። «ድምፁን ነው አባባ» ብዬ የጆሮ ማዳመጫዬን ሰጠኋቸው። ትንሽ ሰሙና ሳቁ። «ይሄ ምን ድምፅ አለው! የድሮዋን ማሽን ብትሰማ ኖሮ!» አሉ። የድሮዋ የት እንዳለች ጠየቅኩ። ተነቅላ ለቁራሌው ተሽጣለች። ድምፅዋን የቀዳ ሰው አለ ወይ? የለም።

ይቺ ነገር ከአጋሮ እስከ ጅማ ድረስ ከጭንቅላቴ አልወጣችም።

እኔ ቤቴ በላፕቶፕ ሙዚቃ እሞካክራለሁ። የሚስበኝ ድሮን የሚባለው ነው። የሚበረውን ማለቴ አይደለም። በሙዚቃ ቋንቋ ድሮን ማለት ሳይቋረጥ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ የሚዘልቅ ድምፅ ነው። ቴክስቸር የሚሉት ደግሞ የድምፁ ገላ ነው፤ ሻካራ ይሁን ለስላሳ፣ ይንቀጥቀጥ ወይም ይንኮሻኮሽ። ለእነዚህ ሁለቱ ተወዳጅ የሆነው መሣሪያ ሞጁላር ሲንተሳይዘር ነው። ይሄ አንድ ወጥ ኪቦርድ አይደለም። እያንዳንዱ ሥራ የራሱ ሳጥን አለው፤ አንዱ ድምፅ ያመነጫል፣ አንዱ ያጣራል፣ አንዱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ በገመድ የምታገናኟቸው እናንተ ናችሁ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበትን ዩሮራክ የተባለ ልክ በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ያመጣው ዲተር ዶፈር የሚባል ጀርመናዊ ነው።

ችግሩ ዋጋው ነው። አንዷ ሳጥን ብቻ ከመቶ እስከ ብዙ መቶ ዶላር ትሸጣለች። ዶላር ከየት? ከተገኘስ ጉምሩኩ? ስለዚህ ብዙዎቻችን ያለን አማራጭ ሌላ አገር ሰው የቀዳውን የድምፅ ጥቅል ከኢንተርኔት ማውረድ ነው። የበርሊን ባቡር፣ የዲትሮይት ፋብሪካ፣ የቶኪዮ ዝናብ እየለጠፍን ሙዚቃ እንሠራለን። የጅማ ልጅ ሆነን!

እኔ የምለው ይሄ ነው፤ የጎደለን መሣሪያ ከመሆኑ በፊት ጆሮ ነው። የሲንተሳይዘር የድምፅ ምንጭ የግድ ሳጥን መሆን የለበትም። የተቀዳ ድምፅን በሰከንድ አንድ አሥረኛና ከዚያም ባነሰ ቁራጭ እየከታተፉ፣ እየደራረቡ የሚዘረጉ መሣሪያዎች አሉ። ለእነሱ የአጋሮ መፈልፈያ ከማንም ውድ ኦሲሌተር አያንስም።

«ድሮን የፈረንጅ ጨዋታ ነው» የሚል ካለ በገና ይስማ። በገና 10 አውታር አለው። በብርኩማውና በአውታሮቹ መካከል እንዚራ የሚባሉ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ይገባሉ። አውታሩ ሲመታ ከቆዳው ጋር እየተነካካ ያንን የምናውቀውን እዝዝ የሚል ጉርምርምታ ይሰጣል። በሲንተሳይዘር ቋንቋ ብትሉት ቴክስቸር ማመንጫ ነው። አባቶቻችን ጥርት ያለውን ድምፅ አውቀው፣ ሆን ብለው አሻከሩት። ለምን ቢባል፣ ለጸሎትና ለተመስጦ የሚሆነው እሱ ስለሆነ ነው።

የተቀዳ ድምፅን ወደ ሙዚቃ በመቀየሩ ታሪክም ውስጥ ቢሆን አዲስ አበባ አለችበት። ግብፃዊው ሃሊም ኤልዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ የሴቶች የዛር ሥርዓት ላይ ገብቶ በሽቦ መቅጃ ቀዳ። ዛርን እኛም እናውቀዋለን። ቅጂውን ስቱዲዮ ወስዶ ዋናው ድምፅ እስኪሳሳና ማስተጋባቱ ብቻ እስኪቀር ድረስ አጣራው። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በዚሁ መንገድ ስሙ የወጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው። ታዲያ ይሄው ሰውዬ በ1959 ኒውዮርክ ውስጥ በኮሎምቢያ-ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ከሠራ በኋላ ወደ እኛ መጣ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ በ1963ም በገናውን፣ ክራሩን፣ ማሲንቆውንና ዋሽንቱን አንድ ላይ ያሰለፈውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ።

ለጅማማ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለደው እዚሁ ጅማ ነው። የሚታወቅበት ቫይብራፎን ራሱ ሞተር ያለው መሣሪያ ነው፤ ድምፁ ከተመታ በኋላ እየተወዛወዘ የሚቆየው ለዚያ ነው። ከሱ በኋላ ደግሞ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ የአገር ድምፅን ከኮምፒውተር ጋር አዋህደው «ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ» ብለው ለዓለም አሰምተዋል። መንገዱ ተጠርጓል ማለት ነው።

እኛ ጋ ያለው ሀብት ደግሞ ቁጭ ብሎ አይጠብቀንም። የቡና ሙቀጫና ዘነዘና በየሰፈሩ በኤሌክትሪክ መፍጫ እየተተካ ነው። ጀንፈል በእጅ ሲገለባበጥ ያለው ሿሿታ፣ የጅማ በርጩማ ሠሪዎች መጥረቢያና መላጊያ፣ ክረምት ላይ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ ሊሙ ገነት ላይ ገበያ ከመሞቁ በፊት የሚሰማው ሁካታ፤ ይሄ ሁሉ በየዓመቱ ይቀየራል። ማሽን ሲቀየር ማንም አይከፋም፤ ለሠራተኛው ቀሎታል፣ እሰየው ነው። ግን ከመነቀሉ በፊት አምስት ደቂቃ መቅዳት ምን ያስከፍላል?

ስልክ በቂ ነው ወይ? ለመጀመር በቂ ነው። ስልኩን የበረራ ሁነታ ላይ አድርጉት፤ አለበለዚያ በመሃል ይደወላል፣ እኔ ላይ ደርሷል። መተግበሪያው ካለው ዋቭ በሚባለው ቅርጽ ቅዱ። ማሽን አፍ ላይ አትደቅኑት፤ ድምፁ ከጣሪያው በላይ ከወጣ ተቆርጦ ይበላሻል። ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ዝም በሉ፤ ድሮን የሚወለደው ከቆይታ ነው። ለጓደኛ በቴሌግራም ስትልኩ በድምፅ መልእክት ሳይሆን በፋይል ላኩ፤ የድምፅ መልእክት ጨምቆ ሸካራነቱን ይበላዋል። ላፕቶፕ ያለው ደግሞ ቪሲቪ ራክ የሚባለውን፣ በ2017 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን ነጻ ፕሮግራም ይጫን፤ ሙሉ ሞጁላር ሲንተሳይዘር ስክሪን ላይ ይዘረጋለታል።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። ሳታስፈቅዱ አትቅዱ። የእማማን የሙቀጫ ድምፅ ሰርቆ ወስዶ ከዚያ «የእኔ ጥበብ» ማለት፣ ፈረንጅ ሲያደርገው የምንቆጣበት ነገር ነው። ፋይሉ ላይ ቦታውን፣ ቀኑን፣ ፈቃደኛ ከሆኑ የባለቤቱን ስም፣ ዕቃው በአፋን ኦሮሞ የሚጠራበትን ስም ጻፉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ለድምፅ ቅጂ አዘጋጅም መብት ይሰጣል፤ የቀዳችሁት ነገር ባለቤት አለው ማለት ነው። ከተሸጠ ደግሞ ድምፁን የሰጠው ሰው ድርሻ ይኑረው።

«ይሄ እንጀራ ይሆናል ወይ?» ትሉኛላችሁ። ቶሎ አይሆንም፤ አልዋሻችሁም። ድሮን ሰርግ ላይ አይጨፈርበትም። ግን ፊልም የሚሠሩ፣ ጌም የሚሠሩ፣ ሪል የሚያቀናብሩ ልጆች አሉን፤ ሁሉም ከሥር የሚያነጥፉት ድምፅ ይፈልጋሉ። ያ ድምፅ የጎማ ወይም የሰቃ ቢሆን ምን አለበት?

ጥበቃውን በመጪው ጥቅምት ተመልሼ እጠይቃቸዋለሁ። ከማሽኗ ድምፅ የሠራሁትን የ11 ደቂቃ ሥራ በስልኬ ይዤላቸው እሄዳለሁ። ቃል ገብቻለሁ። ምናልባት «ይሄ ደግሞ ሙዚቃ ነው?» ይሉኝ ይሆናል። ይበሉኝ። እስከዚያው እናንተም ሰፈራችሁ ውስጥ ሊጠፋ የደረሰውን አንድ ድምፅ አስቡ፤ አስፈቅዱና ቅዱት።