ከውሃ በታች ያለች መጋጠሚያ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅማ መንገድ ሰበታን ያለፈ መንገደኛ፣ ክረምት ሲሆን ተፍኪ አጠገብ አንድ ነገር ያስገርመዋል። አዋሽ ሞልቶ ሜዳው ባሕር መስሎ ይተኛል። ነገር ግን ያ ሁሉ ውሃ ድፍርስ ነውና አይጠጣም፤ ንጹሑን ከመሬት ሆድ መሳብ ያስፈልጋል።

በጥልቅ ጉድጓድ የሚሠራው ሞተር ከነፓምፑ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ይኖራል። ለአዲስ አበባ ከሚደርሰው ውሃ ከፊሉን የሚሰጡት የአቃቂ ጉድጓዶችም በዚሁ ዓይነት ፓምፕ ይሠራሉ። ታዲያ ውሃና ኤሌክትሪክ ጠላቶች ሆነው ሳሉ እንዴት ባንድ ቤት ያድራሉ? ምስጢሩ ከሞተሩ የሚወጣው አጭር ሽቦ ከረጅሙ ኬብል ጋር በሚጋጠምበት ስፍራ ነው።

መጋጠሚያው ከውሃው ወለል በታች 50 ሜትር ቢወርድ፣ በያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር 5 ኪሎ ያህል ይጫነዋል። ፀጉር የምታህል ክፍተት ካገኘ ውሃው ገብቶ በሽቦው ክሮች መካከል ይሳባል፤ ኤሌክትሪኩም ወደ ውጭ ያመልጣል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1858 ዓ.ም. በአትላንቲክ ውቅያኖስ ወለል የተዘረጋው የመጀመሪያው የቴሌግራፍ ሽቦም ሽፋኑ ተበላሽቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዝም ብሏል።

ብልኅ ሠራተኛ አስቀድሞ እጁንና ሽቦውን ያደርቃል። መጋጠሚያዎቹ ጎን ለጎን እንዳይውሉ ሦስቱን ሽቦዎች በተለያየ ርዝመት ይቆርጣል። ጫፎቹን በመዳብ ቱቦ አገናኝቶ በመጭመቂያ ፒንሳ ያጠብቃል። በላዩም ውስጡ ሙጫ ያለበት፣ ሲሞቅ የሚኮማተር ቱቦ ያለብሳል፤ ወይም እርስ በርሱ የሚዋሐድ የጎማ ናስትሮ እየለጠጠ፣ ግማሽ በግማሽ እያደራረበ ይጠቀልላል። ተራ ናስትሮ ብቻውን አይበቃም፤ ሙጫው ውሃ ውስጥ ሲቆይ ይለቃልና። በመጨረሻ መጋጠሚያውን ባልዲ ውሃ ውስጥ ነክሮ በሜገር ይለካል።

ይህች ልኬት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ናት። ከተዘለለች ግን ነገ ቧንቧው በሙሉ ከጉድጓድ ተነቅሎ መውጣቱ ነው፤ እስኪጠገን ድረስም እናቶች ጀሪካን ተሸክመው ወደ ወንዝ ይመለሳሉ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለዚህ ነው።

ወጣት አንባብያን ሆይ፣ ከእናንተ መካከል ነገ በወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት ተመድቦ የፓምፕ ሥራ የሚረከብ አይጠፋም። ፓምፑ አንዴ ከወረደ መጋጠሚያውን የሚያይ ዓይን የለም። ስለዚህ ከመውረዱ በፊት «የሜገሩ ቁጥር የት ተጻፈ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሳታዩም አትፈርሙ።