ሞደሙ ሲቃጠል የማስረዳት ሸክሙ የማን ነው?

ኢንተርኔት ሲቋረጥ የአዲስ አበባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሞደሙን አይደለም። ስልክ አንስቶ ጎረቤቱን "እናንተ ጋ አለ?" ይላል። ልማዱ እንዲያው የመጣ አይደለም። በሰኔ 2011 ዓ.ም. መስመሩ በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ነበር፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ እንደገና ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። ያን ጊዜ ደህናውን ሞደም ነቅሎ ጥገና ቤት ይዞ የሄደ ወዳጅ ነበረኝ። ጠጋኙም ሳይከፍተው መለሰለት።

በዚህ ክረምት አንድ እሑድ ማታ ነፋስ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ ጣለ። መብራት ሁለት ሦስት ጊዜ ሄዶ ተመለሰ፤ የእኛ ቤት ኢንተርኔት ግን ሄዶ ቀረ። ጎረቤት ተጠየቀ፤ እነሱ ጋ አለ። እንግዲህ ነገሩ የአገር ሳይሆን የቤት ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

ለእኔ ቢሆን ጋዜጣ ሳላነብ ማደር ነው። አብራኝ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ግን ለውጭ አገር ድርጅት ከቤት ሆና ሒሳብ ትሠራለች፤ የሚከፈላትም በሰዓት ነው። መስመሩ ከሌለ ሥራ የለም፤ ሥራ ከሌለ ደግሞ ክፍያ የለም።

ሳጥኗ ላይ አንድም መብራት አይታይም ነበር። "ጋሼ፣ ተቃጥላለች" አለችኝ። ቸኮለች። መብራት ሲሄድና ሲመለስ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ሶኬቱ ላይ የሚሰካው አዳፕተር እንጂ ሞደሙ ራሱ አይደለም። ከጎረቤት አንድ ዓይነት አዳፕተር ተውሰን ብንሰካ ሳጥኗ በራች። በማግስቱ አዲስ ልገዛ ስወጣ ባለሱቁ አፉ ስለገጠመ ብቻ የ9 ቮልት ሊሸጥልኝ ነበር፤ የእኛ ላይ የተጻፈው ግን 12 ቮልት፣ 1 አምፔር ነው። ቮልቱ ያው መሆን አለበት፤ አምፔሩ ቢበልጥ ጉዳት የለውም፣ ቢያንስ ግን ሞደሙ እየጠፋ እየበራ ያስቸግራል። ይህን የማያውቅ ሰው ደህናውን ሞደም ጥሎ አዲስ ይገዛል።

አዳፕተሩ ተገኘ፤ ኢንተርኔቱ ግን አልተገኘም። አሁን አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። በፋይበር ሞደም ላይ ይህች መብራት የምትናገረው አንድ ነገር ነው፤ ከውጭ በመስታወቱ ክር የሚመጣው ብርሃን አልደረሰኝም ትላለች። ወይ ክሩ ተቆርጧል፣ ወይ ከልክ በላይ ታጥፏል፣ ወይ ማገናኛው ቆሽሿል ወይም ላልቷል። በቤት ውስጥ ያለውን ክር ተከታትለን አየን፤ አልታጠፈም፣ በቁም ሳጥንም አልተጨፈለቀም። (በነገራችን ላይ ነቅላችሁ ጫፉን በዓይናችሁ አትዩት፤ ብርሃኑ ባይታይም ዓይን ይጎዳል።) ችግሩ ከግድግዳው ውጭ መሆኑ ግልጽ ነበር።

ለአገልግሎት ሰጪው ደወልን። ትሑት ድምፅ ያላት ሠራተኛ "ሞደምዎን አጥፍተው ያብሩት" አለችን፤ አደረግን። ስለ ቀዩ መብራት ነገርናት። "ሪሴት ያድርጉት" አለች። ከጀርባ ያለችውን ቀዳዳ በመርፌ ጫን አልን። ከዚህ በኋላ ለደረሰው ነገር እኔም ድርሻ አለኝ፤ ምክንያቱም የብርሃን መቋረጥ በሪሴት እንደማይድን ትንሽ ብናስብ ይገባን ነበር። ሪሴት የሚያጠፋው በሞደሙ ውስጥ የተቀመጠውን ነው፤ መስመሩ የሚከፈትበትን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃልም ጭምር። እነዚያን ደግሞ እኛ ቤት ማንም አያውቃቸውም።

ባለሙያው በስምንተኛው ቀን መጣ። ልጁ ሥራውን የሚያውቅ ነው። የብርሃን መለኪያውን ቢሰካ ምንም የለም። ወጥቶ ሲከታተል የዛፍ ቅርንጫፍ ወድቆ ክሩን ምሰሶው አጠገብ በጥሶታል። ቀጠለው፤ መለኪያውም ከዜሮ በታች 21 አሳየ። ከዜሮ በታች 27 አካባቢ ከወረደ ያስቸግራል አለን። ቀይዋ መብራት ጠፋች። ኢንተርኔት ግን አሁንም የለም፤ የተጠቃሚ ስሙ ጠፍቷላ! እሱን ለማግኘት ሌላ ሦስት ቀን ሄደ። የእህቴ ልጅ አሥራ አንዱንም ቀን ካፌ ለካፌ ስትንከራተትና የሞባይል ዳታ ስትገዛ ከረመች።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለማማረር አይደለም። ዛፍ ይወድቃል፤ ክርም ይበጠሳል። ብዕር ያስነሳኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የወሩ ሒሳብ ሙሉውን መጣ። ለምን ብዬ ስጠይቅ በመዝገቡ ላይ የተጻፈው "የደንበኛ ዕቃ ብልሽት" የሚል ነው ተባልኩ። መጀመሪያ ስንደውል አዳፕተር መቀየራችንን ነግረን ነበር፤ ያቺ ቃል ተመዘገበች፣ ቀይዋ መብራትና የተበጠሰው ክር አልተመዘገቡም።

ሕግ የተማርኩ ሰው ነኝና ወደ 1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ተመለስኩ። በቁጥር 2001 መሠረት ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ወገን ግዴታው መኖሩን ማስረዳት አለበት፤ ግዴታው ቀርቷል የሚል ወገን ደግሞ ለመቅረቱ ምክንያት የሆነውን ነገር ያስረዳል። እኔ ውሌ በእጄ ነው። አገልግሎቱ ለአሥራ አንድ ቀን የተቋረጠው በአንተ ጥፋት ነው የሚለኝ አካል ማስረጃውን ያቅርብ። በተግባር ግን ሸክሙ ተገልብጧል። መዝገቡን የሚጽፈው፣ የሚይዘውና የሚተረጉመው አንዱ ተዋዋይ ነው፤ ሌላው መዝገቡን እንኳ አያየውም።

"የውሉ ደንብ ነው" የሚለውም መልስ በቀላሉ አያስኬድም። የዚያው ሕግ ቁጥር 1686 አንዱ ወገን ያዘጋጃቸው ጠቅላላ የውል ደንቦች ሌላውን የሚያስገድዱት አውቆ ከተቀበላቸው፣ ወይም በመንግሥት አካል ከተደነገጉ አልያም ከጸደቁ ነው ይላል። መስመር ሲገባልኝ የፈረምኩት ቆሜ፣ የባለሙያውን ጀርባ ተደግፌ ነው። አንብቤው ነበር ብል እዋሻለሁ። አንባቢዬ ሆይ፣ አንተስ?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቁሟል፤ ባለሥልጣኑም የተጠቃሚዎችን መብት የሚመለከት መመሪያ አውጥቷል። ከእሱ የምፈልገው ሰፊ ነገር አይደለም። የአገልግሎት ሰጪው ኃላፊነት የት ላይ እንደሚያበቃና የእኔ ከየት እንደሚጀምር፣ ምሰሶው ላይ ይሁን ግድግዳው ላይ ወይም ሞደሙ ላይ፣ በግልጽ አማርኛ በአንድ ገጽ ተጽፎ ለየደንበኛው ይሰጥ። ለብልሽት የደወለ ሰው የተመዘገበለት ቃል በጽሑፍ ይድረሰው። ጥገናው ሲያልቅም ምክንያቱን ባለሙያውና ደንበኛው አብረው ይፈርሙበት።

እስከዚያው እኔ ቤት አዲስ ሥርዓት ወጥቷል። መስመር ሲቋረጥ መጀመሪያ የሞደሙ መብራቶች በስልክ ፎቶ ይነሳሉ፤ ፎቶው ቀንና ሰዓት ይይዛልና። ያነጋገረን ሠራተኛ ስምና የጥሪ ቁጥሩ ይጻፋል። መርፌ ወደ ሳጥኗ አይቀርብም።

የአሥራ አንዱ ቀን ክፍያ እንዲቀነስልኝ በጽሑፍ አመልክቻለሁ። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ማመልከቻውን አገላብጣ አይታ "ጋሼ፣ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ለየትኛው ክፍል እንደሚመራ አላውቅም" አለችኝ፤ ማኅተም ግን አደረገችልኝ። መልሱ ገና አልመጣም። የቀጣዩ ወር ሒሳብ መጥቷል።