ጠባችን ከብየዳው ጋር ነው

ማክቡክ ውድ ነው ብለን አናለቅስም። ጥሩ ዕቃ ዋጋ አለው። በ2020 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) የወጣው ባለ ኤም 1 ኤር፣ ያለ ፋን፣ ድምፁን አጥፍቶ ሲከንፍ አይተን እጃችንን አፋችን ላይ ጭነናል።

ግን ይኼው ኤር በ999 ዶላር መነሻ ዋጋው 8 ጊጋ ራም ነበረው። 16 ይሁንልኝ ያለ 200 ዶላር ይጨምር ነበር፤ ያውም ሲገዛ ብቻ! ራሙ የተበየደ ነዋ። ኋላ ብር ቢገኝም አይጨመርም።

“ከቺፑ ጎን ሲቀመጥ ይፈጥናል” ትሉናላችሁ። እሺ። አፕል በ2012 የሬቲና ማክቡክ ፕሮን ራም ሲበይድ ታዲያ ኤም 1 የት ነበር? “ለቅጥነቱ ነው” ነበር ያኔ። ቅጥነት! ፍሬምወርክ የተባለው ኩባንያ በ2021 ያወጣው ላፕቶፕ 1.3 ኪሎ እየመዘነ ራሙ በዊንዳይቨር ይቀየራል። በቅጥነት አምሮት በ2015 የመጣው የቢራቢሮ ኪቦርድማ በአቧራ ቅንጣት ቁልፉ እየተቀረቀረ፣ አፕል በ2022 ለከሳሾቹ 50 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማምቷል።

በሽታው ደግሞ ወደ ሌሎቹም ውድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ተዛምቷል።

አዲስ አበባ ላይ ብዙዎቻችን ያገለገለ ገዝተን፣ ሲንቀራፈፍ ራም አስጨምረን ነው ዓመታት የምንገፋው። ከመካከላችን አንዷ ግን ለዓመታት ቆጥባ ከእነዚያ ቀጫጭኖች አንዱን ገዛች (የማን ሥሪት እንደሆነ ይቅር)። ቪዲዮ ስታቀናብር ቀጥ ይልባታል። ቴክኒሻኑ ጀርባውን ፈታ፣ አየና መልሶ ገጠመው።

“እህቴ፣ እዚህ ውስጥ የምነቅለው ነገር የለም” አላት።