ካሜራ ሻጩ ብዙ ነው፤ ኋላ የሚጠየቀውስ?

ራጉኤል አጠገብ አጎቴ ሱቅ አላቸው። ከበሩ በላይ ካሜራ ተሰቅሏል፤ ከበሩ ሥር ደግሞ ካፖርት የደረቡ ዘበኛ ያድራሉ። ለሁለቱም ለምን እንደሚከፍሉ ብጠይቃቸው፣ «ካሜራው ሌባውን ያሳየኛል፤ ዘበኛው ግን ይጮሁልኛል» አሉኝ። ባለፈው ዓመት ዘበኛው ታመው በቀሩበት ሌሊት ሱቁ ተሰበረ። የካሜራው መዝገብ ቢከፈት ከሦስት ሳምንት በፊት ቆሞ ኖሯል። ሻጩም ስልክ አላነሣም።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ በመኝታ ቤታችን ስለ «አገር ደኅንነት ገበያ» ስንከራከር ይህን ሱቅ የሚያስታውስ የለም። ስሙ የመጣው ከአሜሪካ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ከደረሰው ጥቃት በኋላ፣ በ2002 በወጣ ሕግ 22 መሥሪያ ቤቶች በአንድ ሚኒስቴር ሥር ተጠቃለሉ፤ ኩባንያዎችም በሩን ለማንኳኳት ተሽቀዳደሙ። የእኛም ልጆች ዲግሪያቸውን እንደያዙ ወደ ኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ወይም ወደ ፖሊስ መሄድ ያምራቸዋል። ዳሩ ግን የጨረታው ሰነድ ከዚህ ቀደም የተሠራ ተመሳሳይ ሥራ አምጡ ይላል። ትናንት የተመረቁ ሦስት ልጆች ምን ያመጣሉ? በበኩሌ ሃምሳ የመርካቶ ሱቆችን አንድ ዓመት ሙሉ ሳያቋርጥ የጠበቀ ድርጅት የሚያሳየው ነገር አለው እላለሁ።

ዕቃ አስመጥቶ መሸጡንማ ተዉት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የካሜራ ዋጋ የት እንደደረሰ የጠየቀ ያውቀዋል። የእኛ ድርሻ ጥገናው፣ ፕሮግራሙ፣ ሌሊት ስልክ ማንሣቱ ነው። ነጋዴውም የሚፈራው ሌባን ብቻ አይደለም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ሸማ ተራ ሲቃጠል መንገዱ ጠቦ የእሳት አደጋ መኪናዎች ለመግባት ተቸግረው ነበር። በተዘጋ ሱቅ ውስጥ ጢስ ገና ሲጀምር የሚናገር መሣሪያ ከአሥር ካሜራ ይበልጣል።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ሥዕሉ የማን ነው? በጥር 2010 ዓ.ም. ለ ሞንድ የተባለው የፈረንሳይ ጋዜጣ እዚሁ አዲስ አበባ ካለው የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ መረጃ በየሌሊቱ ወደ ሻንጋይ ይሄድ ነበር ብሎ ጻፈ። ቻይና አስተባበለች፤ ጥርጣሬው ግን አልጠፋም። መረጃው ውጭ አገር ባይሄድስ? ለጸጥታ ተብሎ የተተከለ ዓይን ተማሪውንና ሠራተኛውን ሊከታተልም ይችላል፤ የአገር ልጅ ስለተከለው ብቻ ንጹሕ አይሆንም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። እንግዲያስ ሥዕሉ ስንት ቀን እንደሚቆይና ማን እንደሚያየው በውሉ ላይ በግልጽ አማርኛ ይጻፍ። ይህን የማይጽፍ ድርጅት ትልቅ ጨረታ ቢያሸንፍ እንኳ እኔ አልቀጠርበትም።

አሁን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ለአጎቴ ሱቅ የጢስ ማስጠንቀቂያ እየሠራን ነው። ደወሉን ለዘበኛው ብናሰማቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጲጵ ማለቱ ምን ይጠቅመኛል? የሱቁን ቁጥር ይንገረኝ እንጂ» አሉን። ልክ ናቸው፤ እንደገና ፈትተነዋል።