«የአይሮፕላን አሉሚኒየም» ስለሚባለው ዕቃ

ከጣራ ገዳም ግርጌ እስከ ጣና ዳር በተዘረጋው የፎገራ ሜዳ የሩዝ እርሻ ከተስፋፋ ወዲህ፣ ወረታ የመኪና መንገድ መገናኛ ብቻ ሳትሆን የሩዝ መፈልፈያና የውኃ መሳቢያ ሞተር ከተማም ሆናለች። ሞተር ባለበት የሚሰበር ዕቃ አይታጣም፤ የሚተካው ላሜራና ዘንግም ከባለሱቁ መደርደሪያ ይፈለጋል። በዚህ ንግድ ውስጥ ግን አንድ የሚያሳስት ቃል ገብቷል። የውጭ አገር ሻጮች በካታሎጋቸው «የአይሮፕላን አሉሚኒየም» ብለው ይጽፋሉ፤ አስመጪው ቃሉን እንዳለ ተቀብሎ ለባለሱቁ፣ ባለሱቁም ለገበሬው ያስተላልፈዋል። ዋጋውም በቃሉ ልክ ከፍ ይላል።

እንዲህ ያለ አንድ ዕቃ ግን የለም። ንጹሕ አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፤ በካሬ ሚሊሜትር 9 ኪሎ ያህል ሲጎተት ይበጠሳል። ጥንካሬን የሚሰጠው ቅይጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 ጀርመናዊው አልፍሬድ ቪልም መዳብና ማግኒዚየም የገባበትን አሉሚኒየም አግሎ በውኃ ካቀዘቀዘ በኋላ፣ በተቀመጠ ቁጥር እየጠነከረ መሄዱን አገኘ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረባቸው ሲ-47 አይሮፕላኖች ቆዳቸው ከዚሁ ከመዳብ ቅይጥ ወገን ነበር፤ ዛሬ 2024 በሚል ቁጥር የሚጠራው ነው። መዳቡ ለዝገት ስለሚያጋልጠው ስስ የንጹሕ አሉሚኒየም ልባስ በሁለቱም ገጽ ይደረብበታል።

ከእርሱ የሚበረታው 7075 ሲሆን በውስጡ ዚንክ፣ ማግኒዚየምና መዳብ ይገኛሉ፤ 58 ኪሎ ያህል ይችላል። 2024 ወደ 49 ኪሎ፣ 6061 ደግሞ ወደ 31 ኪሎ ይችላሉ። እንግዲህ ነጋዴው «ትልቁን ቁጥር አምጣልኝ» ቢል የሚፈረድበት አይመስልም። ይሁን እንጂ አይሮፕላን ሠሪው ራሱ እንዲህ አያደርግም። በበረራ ጊዜ ክንፉ ወደ ላይ ስለሚለጠጥ የላይኛው ገጽ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይሳባል። ስለዚህ በብዙ የመንገደኛ ጄቶች የላይኛው ገጽ ከዚንኩ ወገን፣ የታችኛው ግን ከመዳቡ ወገን ይሠራል፤ የመዳቡ ቅይጥ ስንጥቅ ቢጀምረው ቶሎ አይስፋፋበትምና። ከዚህም አልፎ 7075 በሙሉ ጥንካሬው፣ ማለት ቲ6 በተባለው አኳኋን፣ ጭነትና እርጥበት ሲገናኙበት ውስጥ ውስጡን ሊሰነጠቅ ስለሚችል፣ መሐንዲሶች ከጥንካሬው አሥር በመቶ በላይ ለቀው ቲ73 የተባለውን የመረጡበት ቦታ ብዙ ነው። (አየር መንገዱ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የተረከበው ድሪምላይነርማ ከክብደቱ አሉሚኒየም የሆነው አምስተኛው እጅ ያህል ብቻ ነው።)

አሁን ወደ ወረታ እንመለስ። የውኃ መሳቢያው ሞተር መቀመጫ ተሰብሮ በ7075 ተተካ እንበል። በሚቀጥለው በጋ ሲነቃነቅ ገበሬው ወደ በያጅ ይወስደዋል። 7075 ግን በተለመደው ብየዳ የሚሰነጠቅ ብረት ነው፤ 2024ም እንደዚሁ። በያጁ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል፤ ሽንኩርቱ ውኃ አጥቶ ይደርቃል። ለዚህ ሥራ 6061 በበቃ ነበር፤ ይበየዳልና። እርሱም ቢሆን በብየዳው አጠገብ እስከ ግማሽ የሚደርስ ጥንካሬውን ስለሚያጣ ወፈር አድርጎ መቁረጥ ያስፈልጋል። ለጀልባ 5083፣ ለበርና ለመስኮት 6063 ተገቢዎች ናቸው። ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የማይሆን ዕቃ መግዛት፣ የውጭ ምንዛሪ በብዙ ድካም በሚገኝበት አገር፣ ቀላል ኪሣራ አይደለም።

ባለሱቁን በቁጥር ማስጨነቅ አይገባም የሚሉ ይኖራሉ። ነገር ግን ይኸው ባለሱቅ ኩሽኔታ ሲሸጥ 6205 ነው ወይስ 6206 ብሎ ሳይጠይቅ አያወጣም። ለአሉሚኒየሙ ይህን ማድረግ የማይችልበት ምክንያት አይታይም።

ዋናው ኃላፊነት ግን የአስመጪው ነው። በፕሮፎርማው ላይ የቅይጡ ቁጥር፣ ከቁጥሩም ቀጥሎ በሙቀት የታከመበትን አኳኋን የሚያሳየው ምልክት፣ ለምሳሌ 6061-ቲ6 ተብሎ፣ ይጻፍ። የፋብሪካው የምርመራ ምስክር ወረቀትም በባንክ ዋስትና ደብዳቤው ውስጥ ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱ ሆኖ ይቆጠር። ባንኩ የሚመለከተው ሰነዱን እንጂ ብረቱን አይደለም፤ ያልተጠየቀ ሰነድ ሳይቀርብ ቢቀር ክፍያውን አያስቀርም፣ ዕቃውም ጅቡቲ ከደረሰ በኋላ መሟገቱ አስቸጋሪ ነው።

ባለሱቁም ዘንጉን ቆርሶ ሲሸጥ ቁጥሩ ከተጻፈበት ጫፍ አይጀምር። ምልክት ካለው ጫፍ የተቆረጠ እንደ ሆነ የቀረው ዘንግ ምን እንደ ሆነ በዓይን አይቶ የሚለይ ሰው የለም፤ ያን ጊዜ በቁርጥራጭ ዋጋ ከመሸጥ በቀር ሌላ መንገድ አይኖረውም።